ክፉ ቃል የማያሻግሩት አምባሳደር

በየቤተሰቡ ውስጥ፣ ተቆጥተው የላኩትን መልእክት ሰላምታ አድርጎ የሚያደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። “ከእንግዲህ ዓይኑን እንዳላይ በለው” ብላችሁ ትልኩታላችሁ። እሱ ሄዶ “ናፍቀኸዋል፤ ምነው ጠፋህ ይልሃል” ብሎ ይመለሳል። በማግስቱ ዓይኑን ማየት የማትፈልጉት ሰው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በራችሁን ያንኳኳል። እንዲህ ያለው ሰው ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ለውርስ ክርክር፣ ለአጥር ጠብ መድኃኒት ነው። ሶፍትዌር በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን እግዜር ይሁናችሁ።

ይህን በራሷ ላይ ደርሶ ያየችው የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት የሥራ መሪ ናት። ፕሮግራመሮቿ በሌለችበት “መቀስ” ይሏታል፤ የሰው ወሬ መሃሉ ላይ ቆርጣ “ነጥቡ ምንድን ነው?” የማለት ልማድ ስላላት ነው። ስሙን ሰምታዋለች፤ ቅር አላላትም። እንዲያውም ሰው ሁሉ እንደ እሷ ቢቆርጥ ኖሮ ስብሰባ የሚባለው ነገር ከምድረ ገጽ ይጠፋ ነበር ብላ ታምናለች። እኛም መቀስ እያልን እንቀጥል።

ነገሩ የተጀመረው ድርጅቱ ለአንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ባለቤት የትኬት መሸጫ ሲስተም ሊሠራ ውል የገባ ጊዜ ነው። ሥራው በዛ፣ ሰው አነሰ፤ ከድንበር ማዶ ካለችው ጎረቤት አገር አንድ የፕሮግራመሮች ቡድን ተቀጠረ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምር ነበር። ማዶዎቹ ቅርብ ናቸው። ፀሐይ የምትወጣላቸው እነ መቀስ ጋ በወጣችበት ሰዓት ነው። ድንበሩ መሬቱን እንጂ ቋንቋውን አልከፈለውም። ሲጨንቅም ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሰዓት በኋላ እነሱ ዘንድ መገኘት ይቻላል።

ሥራ አስኪያጁ ግን አንድ እምነት ነበረው፤ ብዙ ሰው ከብዙ ሰው ጋር ካወራ ነገር ይበላሻል። “አንድ አፍ ይበቃናል” አለ። አፉንም ሩቅ ሄዶ አልፈለገውም። የእናቱ ወንድም ጡረታ ወጥተው፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ከጓዳ ወደ ሳሎን እየተንጎራደዱ የሚስታቸውን ትዕግሥት በመጨረስ ላይ ነበሩ።

“አጎቴ እኮ እናቴንና አክስቴን ያስታረቁ ሰው ናቸው” አለ ለመቀስ ሲያስተዋውቃቸው። “ስንት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው፣ እሳቸው ናቸው እየተመላለሱ ሰላም ያወረዱት።”

“እንዴት አድርገው?”

“ለእናቴ፣ እህትሽ ስምሽን እያነሳች ታለቅሳለች ይሏታል። ለአክስቴም እንደዚያው። ሁለቱም አላለቀሱም። በኋላ ሲገናኙ ግን ተቃቅፈው ተላቀሱ።”

“ይሄ ከትኬት ሲስተም ጋር ምን ያገናኘዋል?”

“ያው ሁሉም ሰው ነው” አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ነገሩ ያለቀ ያህል።

እንዲህ ሆኖ ክቡርነታቸው ሥራ ጀመሩ። በራቸው ላይ “የውጭ ቡድኖች ግንኙነት አስተባባሪ” ተብሎ ተለጠፈ፤ ቢሮው ግን በሁለተኛው ቀን “አምባሳደሩ” አላቸው። ክራቫት ሳያስሩ አይገቡም። ስልካቸውን የሚያስቀምጡት በአራት በታጠፈ ንጹሕ መሐረብ ላይ ነው። ማዶ ከመደወላቸው በፊት ፀጉራቸውን ያበጥራሉ፤ የሚያያቸው ሰው ግን የለም። መልእክት ሲሰጧቸው “ለኔ ተይልኝ፣ ልጄ” ይላሉ። አድርሰው ሲመለሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የተባበሩት መንግሥታትን ውሳኔ እንደሚያሰማ ሰው “በጥሩ መንፈስ ተቀብለውታል” ይላሉ። መቀስ በመጀመሪያው ወር ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። በሦስተኛው ወር ጥርሷን ታፋጭ ጀመር።

የትኬት ቆራጩን ገጽ ነገር ብቻ እንመልከት። ማዶዎቹ ሠርተው የላኩት ገጽ ላይ አንዲት ትኬት ለመቁረጥ ከዳር እስከ ዳር ሲነካኩ መዋል ያስፈልጋል። መቀስ አየችውና “ይሄ አይረባም። ወረፋው አስፋልት ድረስ ይደርሳል። እንደገና ይሥሩት በሏቸው” አለች። አምባሳደሩ “ለኔ ተይልኝ” ብለው ገቡ፤ ደወሉ፤ ወጡ፤ በጥሩ መንፈስ ተቀብለውት ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማዶዎቹ ገጹን አላሻሻሉትም። እኩያውን ሠርተው፣ የቀድሞውንም ጨምረው ላኩ። አሁን የማይረቡ ገጾች ሁለት ሆኑ።

“ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?”

“ያልሽውን ነዋ።”

“ቃል በቃል ይንገሩኝ።”

“ገጹን አይታ ደስ ብሏታል፤ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ መሆኑ ቆጭቷታል፤ ሌላም ብታዩ ትላለች አልኳቸው። ጨዋ ሰው በዚህ ይገባዋል ብዬ ነው።”



ሌላ ጊዜ ደግሞ “ለምን ዘገየ?” ብቻ ብላ ላከች። ከዚህ አጭር ምን ሊበላሽ ይችላል? መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ፦ “እኛም ሁላችንም ደህና ነን፤ ለጥያቄሽ ከልብ እናመሰግናለን።” አምባሳደሩ ጤና ሲጠይቁ፣ አየሩን ሲጠይቁ፣ የአንዱን ልጅ ጥርስ ሲጠይቁ ቆይተው፣ የመዘግየቱን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገዋት፣ እሷም ከሰላምታው ጋር ተቆጥራ ቀርታ ነበር።

አንድ ሰሞን ጭራሽ ከማዶ ምንም ሳይመጣ ሳምንት አለፈ። የመቀስ ቆሽት አረረ። “የት ነው የገቡት? ካቃታቸው ሌላ ቡድን እንፈልጋለን በሏቸው። አሁኑኑ። እንዲህ ብላለች ብለው ስሜን ጠርተው ይንገሩልኝ።” ለወትሮው ወዲያው ይወጡ የነበሩት አምባሳደር ያን ዕለት በራቸውን ዘግተው ረጅም ጊዜ አወሩ። በማግስቱም ደገሙ። ሲወጡ፣ መቼም የሚሉትን ታውቃላችሁ።

ከወዲያ ወደዚህ የሚመጣውም ወሬ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

“ምን አሉ፣ ጋሼ?”

“ሰላም ብለውሻል።”

“ስለ ሥራውስ?”

“በርትተዋል።”

“ችግር የለም?”

“ስለ ኔትወርክ ትንሽ ሐሳብ አንስተው ነበር። የሚያሳስብ አይደለም፤ የወጣት ሐሳብ ነው።”

መቀስ “ምን ዓይነት ሐሳብ?” ልትል አፏን ስትከፍት የአውቶቡሶቹ ባለቤት ደወለ። እሱ ደግሞ በስልክ ሲያወራ ስልክ የማያስፈልገው ሰው ነው። የሱን ጩኸት ስታበርድ የኔትወርኩ ነገር ተረሳ።

አንድ ቀን ነገ ራሴ እደውላለሁ ብላ ለአምባሳደሩ ነግራቸው ነበር። በማግስቱ ቁጥሩን ጨርሳ ሳትነካ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። “አጎቴ ሆድ ብሷቸዋል” አላት። “ቤት ሄደው ምሳ አልበሉም። እባክሽ አታሳዝኚብኝ።” የአንድ ድርጅት ዕጣ በአንድ ሽማግሌ ምሳ ላይ የሚወሰንበት ቦታ እንደምትሠራ መቀስ ያን ጊዜ ገባት።

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቶች መዝጊያ እየተቃረበ ነው። ያን ቀን አገር ምድሩ ተነስቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ባለቤቱ የዓመቱን ገቢ ግማሽ የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ነው። እሱም ቁርጡን ተናገረ። “በዚያች ቀን አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሽጦ ተሳፋሪ ከተደባደበብኝ፣ ወደ ወረቀት ትኬቴ እመለሳለሁ። ውሉንም ትቀድዱታላችሁ።” ውሉ ከሄደ መቀስ ራሷ ፈትና የቀጠረቻቸው ፕሮግራመሮች ግማሹ አብረው ይሄዳሉ። ከነሱ አንዷ ገና ወልዳ መመለሷ ነው፤ አንዱ ወንድሙን የሚያስተምረው በዚሁ ደሞዝ ነው። መቀስ ይህን አስባ ለሥራ አስኪያጁ “እነሱ ከሄዱ እኔም አልቀርም” ብላዋለች። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

ሲስተሙ ለሙከራ ወደ ማዶ በሚሄደው መስመር ላይ ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ትዕግሥቷ ተሟጦ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች። “ራሴ እሄዳለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ ነው የማናግራቸው።”

“ጥሩ ሐሳብ ነው” አለ። “ከአጎቴ ጋር ሂዱ።”

“ያለ እሳቸው።”

“ያለ እሳቸው አይሆንም።”

ተደራደሩና አምባሳደሩ እንዲሄዱ፣ ስብሰባው ላይ ግን አፋቸውን እንዳይከፍቱ ተስማሙ። ይህን የመንገር ዕዳ የመቀስ ሆነ። “ጋሼ፣ ይምጡ፤ ግን አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ” አለቻቸው። አምባሳደሩ ክራቫታቸውን አስተካክለው “በጥሩ መንፈስ ተቀብዬዋለሁ” አሉ።

ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትኬቱን የቆረጡት በራሷ ሲስተም ነው፤ መቀስ ወንበሯ ላይ ስትደላደል ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር። ኩራቱ የቆየው እስከ ሁለተኛዋ መናኸሪያ ነው። እዚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ትልቅ ዘንቢል ይዘው፣ የወንበሮቹን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበቡ መጡና መቀስ ፊት ቆሙ።

“ልጄ፣ ተነሺልኝ፤ ወንበሬ ነው።”

“የኔ ነው፣ እናቴ። ይኸው ትኬቴ።”

“የኔም ይኸው።”

ረዳቱ ሁለቱንም ትኬት ተቀብሎ ወደ ብርሃን አድርጎ አያቸው። ያው አውቶቡስ፣ ያው ቀን፣ ያው ወንበር። “አዲሱ ሲስተም ነው” አለ እየተሰላቸ። “ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል።”

“የሠራውን ሰው ባገኘሁት” አሉ ሴትየዋ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

የሠራችው ሰው ፊቷ ቀላ። ልትነሳ ስትል አምባሳደሩ ቀድመው ተነሱ። “የኔ ላይ ይቀመጡ፣ እህቴ። እኔ እንኳን መንገድ ሳይ መቆም ነው የምወደው።” መቀስ “ጋሼ፣ እኔ ልቁም” ብትልም ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት። “አንቺ ቁጭ ብለሽ አስቢ” አሏት በጆሮዋ። ከዚያም ለሴትየዋ፣ ድርጅቱ ይህን ያደረገው ለክቡር ተሳፋሪዎቹ ወንበራቸውን ይዞ የሚጠብቅ ትርፍ ሰው እንዲኖርላቸው ብሎ እንደሆነ አስረዱ። ሴትየዋ አመኑ። ክቡርነታቸው እስከ ድንበሩ ድረስ ከሾፌሩ ጎን የሞተሩ ክዳን ላይ፣ መሐረባቸውን አንጥፈው፣ ክራቫታቸው ሳይዛነፍ ተጓዙ። መቀስ ትኬቶቹን በእጇ ጨብጣ ደሟ እየፈላ ነበር።

የማዶዎቹ ቢሮ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ መስኮቱ ፀሐይ እንዳይገባ በጋዜጣ የተሸፈነ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የኤሌክትሪክ ገመድ የተዘረጋበት ክፍል። የቡድኑ መሪ በመቀስ ዕድሜ የምትሆን ቀጭን ሴት ናት። መቀስን ስታይ ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አቀፈቻት፤ ለሰላምታ ብቻ ከሚያቅፉት ትንሽ ቆየት አለች። “በመጨረሻ ዓይንሽን አየሁት” አለቻት፣ እንደ ጓደኛ በአንቺ ጠርታ። ልጆቹም ተራ በተራ እየመጡ እጇን በሁለት እጅ ጨበጡ። መቀስ እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች። ይሄ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ አለች በልቧ፤ ጥፋታቸውን ሊሸፍኑ መሆን አለበት።

ተቀመጠችና ሁለቱን ትኬቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። “ነጥቡ ይኸው ነው። አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው።”

የቡድኑ መሪ ትኬቶቹን አየቻቸው እንጂ አልደነገጠችም። “ይሄ እንደሚመጣ ነግረንሽ የለ?”

“መቼ?”

“ገና ስንጀምር። ኔትወርክ ሲጠፋ እያንዳንዱ መናኸሪያ ሌላው የሸጠውን ሳያይ ይሸጣል። ስለዚህ ወይ ለየመናኸሪያው የራሱን ወንበሮች እንመድብ፣ ወይ ኔትወርክ በሌለበት ሽያጭ ይቁም፤ ባለቤቱ ይምረጥልን አልን። እሱ ሳይመርጥ ይሄን ክፍል መጨረስ አንችልም አልን።”

“ማን ነው የነገረኝ?”

“በጥሩ መንፈስ ተቀብላዋለች ተባልን። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም።”

የክፍሉ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ አምባሳደሩ አዞረ። አምባሳደሩ አንዲት ቃል ላይተነፍሱ ቃል ገብተዋል፤ ቃላቸውን አከበሩ። የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ እውነት ተነገረ። ለወራት ስኳር ተነስንሶበት ሲመላለስ የከረመው ሁሉ ባንዴ፣ ያለ ስኳር ወጣ። መቀስ ገጹ ከመጀመሪያውም እንደማይረባ፣ ሁለተኛውም እንደዚያው እንደሆነ ተናገረች። “ወደሽው አይደል ሌላ ያስጨመርሽን?” አለ የሠራው ልጅ፣ ፊቱ ገርጥቶ። መቀስ “ሥራችሁ የጀማሪ ሥራ ነው” አለች። መሪዋ “የናንተ ትእዛዝ የሚመጣው በሰላምታ ተጠቅልሎ ነው፣ ፈልገን ነው የምናገኘው” አለች። ልጆቹም ቀጠሉ፤ መቀስም መለሰች፤ ከታች የጫማ ቤቱ ባለቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መታ። በመጨረሻ መሪዋ ላፕቶፗን ዘጋች። ቻርጀሯን ነቅላ ጠቀለለች።

“ሌላ ሰው ይጨርስላችሁ” አለች።

በቀረው ጊዜ ይህን ሥራ ለሌላ ቡድን አስረድቶ ማስጨረስ የማይታሰብ ነው። ሲስተሙ ማለት እዚያ የተዘጋው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ነው። መቀስ ወልዳ የተመለሰችውን ልጅ አሰበች፤ ወንድሙን የሚያስተምረውን አሰበች።

መሪዋ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። “ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር” አለች። ድምጿ እንደ ቅድሙ አልነበረም። “የገረመኝ አንቺ መሆንሽ ነው። እናቴ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ሳምንት ሙሉ ሥራ ጥዬ፣ ያባርሩኛል ስል፣ ሥራው የትም አይሄድም፣ እናትሽን አስታሚ ብለሽ ያስደወልሽ አንቺ ነሽ። በማግስቱም አስደውለሽ ፋሻው ተፈታላቸው ወይ ብለሻል። ይሄ ልጅ አባቱ የሞተ ጊዜ፣ እስክትጽናና ማንም ሥራ አይጠይቅህ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኛ እሑድ እሑድ የሠራነው ለአውቶቡሱ ሰውዬ ብለን መሰለሽ?”

መቀስ ያን ሳምንት አስታወሰችው። ምን ብላ እንደላከችም አስታወሰች። ቀና ብላ አምባሳደሩን አየቻቸው፤ ሽማግሌው አሁንም ጫማቸውን ነበር የሚያዩት፣ ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። “እኔ አላልኩም” የሚለው አጭር መልስ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ እውነት ነው፣ ቀጥተኛ ነው፣ የሷ ዓይነት ንግግር ነው። አፏን ከፈተችና የወጣው ሌላ ሆነ።

“አሁንስ ያያሉ?”

“ማን?”

“እናትሽ። ዓይናቸው።”

መሪዋ የጠቀለለችውን የቻርጀር ገመድ ፈታች። “በግራው ደህና ታያለች” አለች። “የቀኙ ገና ነው።” ከዚያ ተመልሳ መጥታ ተቀመጠች።

ሥራው እዚያው ተጀመረ። የአውቶቡሶቹ ባለቤት ጋ ተደወለ። ሁለቱ አማራጮች ተነገሩት፤ በጩኸት መረጠ፤ ለየመናኸሪያው የየራሱ ወንበር ይመደብ አለ። ከእንግዲህም ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት በቪዲዮ እንዲገናኙ፣ መጥፎው ነገር ከሁሉ ቀድሞ እንዲነገር፣ ያልገባው ሰው ወዲያው እንዲጠይቅ ተስማሙ። ክቡር አምባሳደሩ በመክፈቻው ላይ ሰላምታ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ነገር ሲካረር ደግሞ ለማብረድ እንዲያስሉ።

ሲመለሱ፣ ኬላውን ካለፉ በኋላ መቀስ ወደ አምባሳደሩ ዞረች። “ሌላስ ምን ምን ብያለሁ?”

አምባሳደሩ ይቆጥሩላት ጀመር። ለአንዱ ልጅ መወለድ እንኳን ደስ ያለህ ብላለች። አንዷ ቤት ስትቀይር ጎረቤት ይስማማሽ ብላለች። ገጹን የሠራው ልጅ ፈተና ሲወድቅ፣ እኔም ወድቄ አውቃለሁ ብላለች።

“ወድቄ አላውቅም እኮ፣ ጋሼ።”

“ቢያጽናናው ብዬ ነው።”

“ወንበሩ ለሁለት ሰው ሲሸጥ የከረመውስ? ሰው አጽናንተው ሥራውን ገደሉት እኮ። ሁላችንም ልንባረር ነበር።”

ሽማግሌው መስኮቱን አዩ። “እሱስ እውነትሽን ነው” አሉ። “እሱን ማሻገር ነበረብኝ። ፈርቼ ነው፤ ትቆጫለሽ ብዬ።” ከዚያም “ሌላው ግን ውሸት አይደለም። ጊዜ ቢኖርሽ ትዪው የነበረውን ነው ያልኩልሽ” አሉ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት መናኸሪያው ውስጥ እግር መጣያ አልነበረም። መቀስ ከጠዋት ጀምሮ ትኬት ቆራጮቹ ጀርባ ቆማ ዋለች። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ደውሎ “የተደባደበ ሰው የለም” ብሎ ጮኸባት። ለሱ ምስጋና መሆኑ ነው።

ቢሮ ተመልሳ ማዶ ደወለች። ጥሩ ሠርታችኋል አለች፤ የመሪዋን እናት ጠየቀች፤ ቀኙ ዓይን መሠራቱን ሰማች፤ ገጹን የሠራው ልጅ ፈተናውን ማለፉን ሰማች። ሳታስበው ስልኩ ጆሮዋን አሞቀው። ሊለያዩ ሲሉ መሪዋ “አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ያለ ስኳር” አለች። “ጋሼን ከጠዋቱ ስብሰባ አስቀሪልን። ሰላምታቸው ሳያልቅ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ሳላቸውም ነገር ሲካረር ብቻ አይደለም፣ እንዲያው ይስላሉ። ልጆቹም እሳቸው ፊት መጥፎ ነገር ማንሳት ያፍራሉ።”

“ትክክል ነሽ” አለች መቀስ። “አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።”

በሩን ስትከፍት አምባሳደሩ እዚያው ቆመዋል። ፀጉራቸው ተበጥሯል። መሐረባቸውን በእጃቸው ይዘውታል።

“ምን አሉ?”

“ደስ ብሏቸዋል።”

“ስለ እኔስ ያነሱት ነገር አለ?”

መቀስ አየቻቸው። ነጥቡ አጭር ነበር። ክራቫታቸውን አየች፤ በአውቶቡሱ ጉዞ የሞተሩ ክዳን ያቃጠለውን የኮታቸውን ጠርዝ አየች፤ ሚስታቸው በጥቁር ክር ሰፍተውታል።

“ናፍቀዋቸዋል፣ ጋሼ” አለች። “የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሥራ ስለሚሻማዎት ቆጭቷቸዋል። ከሥራ በኋላ ለየብቻ ቢደውሉላቸው ነው የሚመርጡት። እንደ ልብ እንዲያወሩ።”

አምባሳደሩ ቀጥ ብለው ቆሙ። “ገብቶኛል” አሉ። “ለኔ ተይልኝ።”

በማግስቱ ጠዋት ቪዲዮው ሲከፈት የማዶዎቹ መሪ ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት አብጠዋል። “ትናንት ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምረው እስከ ሌሊት ድረስ ለሁላችንም ተራ በተራ ደወሉልን” አለች። “ለእናቴም ጭምር። ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?”

“ያልሽውን ነዋ” አለች መቀስ። “በጥሩ መንፈስ ተቀብለውታል።”